ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው

ባለፈው ገና ላሊበላ ከመድረሴ ሦስት ቀን ቀደም ብዬ ለአጎቴ 3,000 ብር በስልክ ላክሁላቸው። ለበዓል በግ መግዣ እንዲያግዛቸው ነበር። ስደርስ ግቢው ውስጥ በግ የለም።

«ጋሼ፣ ገንዘቡ አልደረሰዎትም እንዴ?»

«ደርሷል። አላደረም እንጂ» አሉና ስልካቸውን ሰጡኝ።

መልእክቶቹን አነበብኳቸው። ገንዘቡ ገብቷል፤ እዚያው ደቂቃ ላይ ወጥቷል። ክረምት ላይ የወሰዱት አነስተኛ ብድር ከነክፍያውና ከነቅጣቱ አድጎ ሲጠብቅ ኖሯል። 3,000ውን ጠርጎ ወስዶም አሁንም «ቀሪ ዕዳ አለብዎ» ይላል። አጎቴ መልእክቱ ወደመጣበት ቁጥር ሁለት ጊዜ ደውለዋል። ቁጥሩ ጥሪ አይቀበልም።

«ሰው የለበትም» አሉኝ። «ሰው ቢኖርበት በጉን ገዝቼ ልክፈልህ እለው ነበር። እንዲህ ከሚሆንስ ቁራኛ ይሻለኝ ነበር።»

ቁራኛ ያሉት እንዲያው ለንግግር ማሳመሪያ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አባታቸው በልጅነቱ ያየውን ነው ያወሩት፦ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ገበያ መሀል ሲሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ለአጎቴ ያበደረው ድርጅት የእኔ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ግን እኔም የምሠራው እንዲህ ዓይነት ሲስተም ነው፤ ያውም የመሰብሰቢያውን ክፍል። ገንዘብ ሲገባ የሚነቃ፣ ዕዳ መኖሩን የሚያይ፣ ካለ የሚቆርጥ ኮድ። የአጎቴን በግ የበላውን ባልጽፈውም ወንድሙን ጽፌያለሁ። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ስለ ቁራኛ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ።

* * *

ቃሉን ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ፖሊስ ተጠርጣሪን «በዓይነ ቁራኛ» ይከታተላል። ሕመም የጠናበት ሰው «የአልጋ ቁራኛ» ይሆናል። ሁለት ቁጥሮች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ «ቁርኝት አላቸው» እንላለን። ከእነዚህ ሁሉ ቃላት ሥር ግን እውነተኛ ብረት አለ።

በድሮው ሥርዓት አበዳሪ ባለዕዳውን ዳኛ ፊት ያቀርበዋል። ባለዕዳው መክፈል ካልቻለ፣ ዋስ የሚሆነውም ሰው ካጣ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራሉ። የአንዱ ቀኝ ከሌላው ግራ ጋር። ሌላ ክርክር ያለባቸው ከሳሽና ተከሳሽም እንዲሁ ይቆራኙ ነበር። ሰንሰለት ከሌለ ወይም መንገዱ አጭር ከሆነ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ይቋጠራል። ከዚያ በኋላ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ባለዕዳው ገንዘብ ፍለጋ ዘመድ ቤት ሲያንኳኳ አበዳሪው ከጎኑ ቆሞ ይሰማል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገራችን የመጡ የውጭ ሰዎች ይህን አይተው በጣም ተገርመዋል። ያነሷቸው ፎቶግራፎች ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። ሁለት ነጭ የለበሱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመሀላቸው ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ስታዩአቸው የትኛው አበዳሪ፣ የትኛው ተበዳሪ እንደሆነ መለየት አይቻልም። እኔ ፎቶዎቹን ደጋግሜ ያየኋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረንጆቹ ነገሩን እንደ ኋላ ቀርነት ነው የጻፉት። እውነት ነው፣ ሰውን በብረት ማሰር የሚያምር ነገር የለውም፤ ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ግን የራሳቸው አገር ምን ነበር? የደራሲው ቻርልስ ዲከንስ አባት እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ውስጥ ማርሻልሲ የሚባል የባለዕዳ እስር ቤት ገብቷል። ልጁ በ12 ዓመቱ ፋብሪካ ገብቶ ሲሠራ አበዳሪው ቤቱ ነው ያለው። የታሰረው አንድ ወገን ብቻ ነው።

ቁራኛ ላይ አበዳሪውም ታስሯል። ይህን እንደ መሐንዲስ ሳየው በጣም የሚገርም ዲዛይን ነው። ዕዳ የማስከፈል ወጪ በሁለቱም ላይ ይወድቃል። አበዳሪው እርሻው ይፈታል፣ ንግዱ ይቆማል፣ እንቅልፉ ይበላሻል። ባለዕዳው የሚበላው ከሌለው ያንን ራሱ በዓይኑ ያያል። ስለዚህ ለመስማማት የሚቸኩለው ተበዳሪው ብቻ አይደለም። «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን መኸር ሲገባ» የሚል ሐሳብ ከአበዳሪውም አፍ ሊወጣ ይችላል፤ ምክንያቱም እሱም ቤቱ መግባት ይፈልጋል።

ሰው እያለ መላ አይጠፋም፤ ሀብታሙ አበዳሪ በራሱ ፋንታ አሽከሩን ያቆራኝ እንደነበር ተጓዦች ጽፈዋል። ዕዳ ሰብሳቢ የሚባለው ሥራ የተጀመረው እዚያ ጋ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ያም ሆኖ በሰንሰለቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ የሚርበውና የሚደክመው ሰው ነበረ።

ሌላም ነገር አለ። ባለዕዳውን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል። ከዚያ በኋላ ጥሎ መሄድ ነውርም ጥፋትም ነው። ቀጥሎ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ «ዳኘን» ይሉታል። የመንገድ ዳኛ ይባላል። የማያውቁት ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ያዳምጣል። ፍርዱ የመጨረሻ ላይሆን ይችላል፤ ግን ዕዳው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሦስተኛ ሰው ፊት ይነገራል። ባለዕዳው አፍ አለው።

* * *

ላስታ ውስጥ ሰው ምን ይበደር ነበር? ብር አልነበረም፤ ቢያንስ በብዛት። እህልና በሬ ነው።

ላሊበላን በቱሪስት ፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ባሻገር ያለውን መሬት ላያስተውለው ይችላል። ከከተማው ወጥታችሁ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ስትወጡ እርሻው ገደል ላይ የተለጠፈ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ድንጋዩ ብዙ። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከድህነት ወደ ረሃብ እንዴት እንደወረደ ባጠናበት፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመው መጽሐፉ፣ የዚህን አገር ገበሬ ታሪክ ከ1900 እስከ 1935 ተከታትሎታል። ከመሬት እኩል፣ አንዳንዴም ከመሬት በላይ፣ ቤተሰብን የሚያቆመውና የሚጥለው በሬ ነው።

አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ ይባላል። ምንም የሌለው በሬ ይከራያል፣ ወይም ጉልበቱን ይሰጣል፣ ወይም ምርቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ ያካፍላል። ይህ ሁሉ ብድር ነው፤ ስሙ ብድር አይባልም እንጂ።

የገበሬ ደመወዝ በዓመት አንዴ ነው የሚገባው፤ አዝመራ ሲሰበሰብ። ክረምት ላይ ጎተራው ይራቆታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጎረቤት አንድ ቁና ገብስ ተበድሮ ታኅሣሥ ላይ ከነጭማሪው የሚመልስ ሰው ደሞዝ እስኪወጣ ስልኩ ላይ ከሚበደረው የእኔ ትውልድ ጋር አንድ ነው። አበዳሪው የሚሸጠው እህል አይደለም፤ ጊዜ ነው። ክረምት ላይ እህል ውድ ነው፤ አዝመራ ላይ ርካሽ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ቁና ሲወሰድና ሲመለስ ዋጋው አንድ አይደለም።

መሬቱም ቢሆን ርስት ነውና እንደ ዕቃ ገበያ አይወጣም፤ ግን ወለድ አገድ ይያዛል። ገበሬው ገንዘብ ይወስዳል፣ አበዳሪው ማሳውን ያርሳል። የሚያርሰው ምርት ወለዱ ነው፤ ዋናው እስካልተመለሰ ድረስ ማሳው አይለቀቅም። ምርቱን አበዳሪው እየበላው ዋናው ከየት ይምጣ? ስሙ ራሱ ሁሉንም ይናገራል፤ የታገደው ማሳው ነው።

ከዚያ ክፉ ቀን ይመጣል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በዘለቀው ታላቅ ረሃብ ከብቱን የጨረሰው በሽታ ስሙ ደስታ ነው፤ ሰው ስሙን እንዳይጠራ ፈርቶ ይሆን እንዲህ ያለው? በሬው ሲያልቅ የሚቀናጅ የለም፣ የሚበደሩትም የለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰው ረሃብም እንዲሁ መጀመሪያ የነካው በሬና ዘር ነው። ድርቅ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ላይ በሬውን ገበያ ሲያወጣ የበሬ ዋጋ ይወርዳል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል። ዕዳ ያለበት ቀድሞ ይሸጣል። ቀድሞ የሸጠ ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት የለውም።

* * *

ሕጉ ይህን ሁሉ አላየም ማለት አይቻልም። ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት አራጣን ያወግዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መስማማት አይችሉም ይላል፤ ከ9 በመቶ በላይ ከሆነ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚሰጥ ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን መሸጥም፣ ወለድ አገድ ማስያዝም ከለከለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አራጣን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል።

እኔን በጣም የነካኝ ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ 404ኛው አንቀጽ ነው። ዕዳ የተፈረደበት ሰው ንብረቱ ሲያዝ የማይነኩ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ የሚለብሰው ልብስ፣ አልጋው፣ የሚያበስልበት ድስት፣ የሚሠራበት መሣሪያ፤ ገበሬ ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልገው የእርሻ ከብትና ዘር። ደመወዝተኛ ከሆነ ደግሞ ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ ከሲሶው እንዳይበልጥ ያዛል።

ይህን ዝርዝር የጻፉት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ በሬውን የወሰድክበት ገበሬ የሚቀጥለውን ዕዳ አይከፍልም። ሰንሰለቱ ሲቀር ተበዳሪውን ለብቻው እንዳይተዉት በሕግ አጥር ሊያጥሩለት ሞክረዋል።

* * *

ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱ ቅርጹን ቀየረ። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረውና ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ ብድርን ገጠር ድረስ አደረሰ። ማስያዣ ለሌለው ገበሬ ማስያዣው ጎረቤቱ ሆነ። ጥቂት ሰዎች ቡድን ይሆናሉ፣ አንዱ ለአንዱ ዋስ ይሆናል። ብዙ ሰው ከአራጣ አበዳሪ እጅ ወጥቶበታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን አንዱ ሲያቅተው ሌሎቹ ይከፍላሉና ቁራኝነቱ ከአበዳሪና ተበዳሪ መሀል ወጥቶ በተበዳሪዎች መሀል ገባ። ተቋሙ ሰንሰለቱን አልያዘም፤ ያያያዘው ጎረቤትን ከጎረቤት ነው።

ከዚያ ስልኩ መጣ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ 2014 ዓ.ም. ላይ ከዳሽን ባንክ ጋር አነስተኛ ብድር በስልክ መስጠት ተጀመረ። ሌሎች ባንኮችም ተከተሉ። ያለ ማስያዣ፣ ያለ ዋስ፣ ያለ ሰልፍ። ለላሊበላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ቱሪስት ቀረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። ከዚያም ወዲህ ሰላሙ አልጸናም። ሠላሳ ዓመት እንግዳ ሲያስጎበኙ የኖሩ እንደ አጎቴ ያሉ ሰዎች ማን ያበድራቸዋል? ባንክ ቤት ቢሄዱ ማስያዣ ይባላሉ። ስልኩ ግን በሁለት ደቂቃ ሰጣቸው።

ሂሳቡን ግን እዩት። ለምሳሌ 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበደራችሁ እንበል፤ «የአገልግሎት ክፍያ» 80 ብር። 80 ብር የአንድ ምሳ ዋጋ አይሞላም። ያንኑ በየወሩ ዓመቱን ሙሉ ካደረጋችሁት 960 ብር ትከፍላላችሁ፤ 96 በመቶ። ሕገ ወጥ ነው እያልኩ አይደለም፤ ለግለሰቦች ውል የተቀመጠው ጣሪያና የባንክ አሠራር ለየቅል ናቸው። የምለው አጭር ጊዜና ትንሽ ቁጥር ዓይን ይጋርዳሉ ነው። ክረምት ላይ የተበደሩት ቁና ገብስም ትንሽ ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን መንገድ ቀድማ ሄዳበታለች። ኤምሽዋሪ የተባለው የስልክ ብድር እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀመር ዓለም አጨበጨበ። ከኋላው ግን ሌሎች የብድር አፖች ተግተልትለው ገቡ። የተበዳሪውን የስልክ ማውጫ ከፍተው ለእናቱ፣ ለአለቃው፣ ለቀድሞ ጓደኛው የሚደውሉ ነበሩባቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለውን ማሸማቀቅ ከለከለ። ቁራኛም ማሸማቀቂያ ነበር፤ ገበያ መሀል ነው የሚያልፉት። ልዩነቱ አሸማቃቂውም አብሮ መታየቱ ነው።

የእኔ ኮድ ለማንም አይደውልም፣ አይሳደብም። ጨዋ ነው። ችግሩ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው፦ ገንዘብ ገባ ወይስ አልገባም። የገባው የበግ ይሁን፣ የመድኃኒት ይሁን፣ የበሬ መግዣ ይሁን የሚጠይቅበት መስመር የለውም። እኔ አልጻፍኩለትም። እንድጽፍለት የጠየቀኝም የለም። ሲሶውን ብቻ ቁረጥ ማለት አንድ መስመር ነው። 404ኛውን አንቀጽ እስካነበብኩበት ማታ ድረስ ግን እንዲህ ያለ መስመር ሊኖር እንደሚችል ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

* * *

የገና ጠዋት ከአጎቴ ጋር ቤተ ማርያም ነበርን። ላሊበላ ገናን ያከበረ ሰው ቤዛ ኵሉን ያውቃል፦ ካህናቱ ገሚሶቹ ማሜ ጋራ በሚባለው አለት ጫፍ ላይ፣ ገሚሶቹ ታች ግቢው ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ቤዛ ማለት መዋጃ ነው፤ ለተያዘ ሰው ማስለቀቂያ የሚከፈል። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የዕዳ ቃል መሆኑን ያሰብኩት ግን ያን ቀን ነው።

ስንወጣ ቀሪ ዕዳቸውን በስልኬ እንደከፈልኩላቸው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ትንሽ ሄዱ። ከዚያ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከዚህ በፊት «ኮምፒውተር» ብቻ ነበር የምላቸው። የመሰብሰቢያውን ነገር በደንብ አስረዳኋቸው።

«እንግዲህ ቁራኛዬ አንተ ነሃ!» አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ከነጠላዬ ጫፍ ጋር ቋጠሩት።

እየሳቅን በዚያው ዳገቱን ያዝነው። እሳቸው ቀስ ሲሉ እኔም ቀስ እላለሁ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሦስት ጊዜ ቆምን፤ እንዲህ እንደሚያማቸው አላውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ ቋጠሮውን አይተው አስቆሙን።

«ስንት ነው ዕዳው?»

«የእኔ አልቋል» አሉ አጎቴ። «እሱ ነው ያለበት። አንድ መስመር።»

ሽማግሌው ምንም አልገባቸውም፤ ግን ዳኛ ሆነዋልና ፍርድ መስጠት ነበረባቸው። «እስከ ጥምቀት ይክፈል» አሉ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ የሲሶውን ሐሳብ ለቡድኔ አቀረብኩ። ብዙ ተከራከርን፤ ቀጣዩ ዙር ላይ ይታያል ተብሎ ተይዟል። ጥምቀት አልፏል። አጎቴ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ሰላምታ ሳይጨርሱ «ቁራኛዬ፣ እንዴት ሆነ?» ይሉኛል። እኔ ስልኬን አነሳለሁ።